ከበርበሬ በኋላ የተፈጨ ስንዴ

አንድ ባለወፍጮ ነበር። ስሙ አቶ ዘውገ ይባላል። በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ፣ ከገበያው ዳር፣ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበረው። በአካባቢው ሌላ ወፍጮ ስላልነበረ ሰው ሁሉ እህሉን ተሸክሞ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ሰምታችሁ “እንዲህ ያለ ከሐዲ!” ብላችሁ በቀላሉ እንዳትገላገሉት ነው። አቶ ዘውገ ሚዛን አያጭበረብርም፣ ለድሃ አይጨክንም፣ እሑድ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ማውራትም ባላስፈለገ ነበር።

አቶ ዘውገ ቀልድ የማያውቅበት አንድ ነገር ነበር፤ የወፍጮው ሥርዓት። ወፍጮው አንድ ብቻ ስለሆነ ጠዋት መጀመሪያ የሚፈጨው ነጭ እህል ነው፤ ጤፍና ስንዴ። ቀጥሎ ገብስና በቆሎ ይገባል፣ ከዚያ ሽሮ። በርበሬ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። ማታ ሥራ ሲያልቅ ድንጋዩ ተፈትቶ ይታጠባል፣ ለነገ ንጹሕ ሆኖ ያድራል። በርበሬ ከነካው በኋላ ግን ቢጠረግም ቢወለወልም ተከትሎ የሚገባው እህል ማቃጠሉ አይቀርም። አንዳንዷ ሴት ማልዳ በርበሬዋን ይዛ ስትመጣ አቶ ዘውገ ከበሩ ላይ ይመልሳታል።

“ኧረ አቶ ዘውገ፣ ለዛሬ ብቻ! ትንሽ እኮ ናት።”

“ትንሽም ብትሆን ታቃጥላለች። የሰው ዱቄት ልታበላሺብኝ ነው? በርበሬ መጨረሻ ነው አልኩሽ!”

ይህን የሚለው ራሱ አቶ ዘውገ ነው። እባካችሁ አትርሱት።

አሁን ወደ ስለቱ ልምጣ። ወፍጮው በተተከለ ሰሞን ሞተሩ አልነሣም አለ። መካኒክ መጣ፣ ሌላ መካኒክ መጣ፣ ሞተሩ ንቅንቅ የለም። አቶ ዘውገ ጨነቀው። ያለውን ሁሉ የጨረሰው እዚያ ሞተር ላይ ነውና ከደብሩ በር ላይ ተንበርክኮ ተሳለ። “ይህን ሞተር አስነሣልኝ እንጂ በሕይወት እስካለሁ ድረስ የዚህን ደብር መገበሪያ ከሁሉ አስቀድሜ እፈጫለሁ” አለ። መገበሪያ ማለት ለቅዱስ ቁርባን ኅብስት የሚሆነው ንጹሕ ስንዴ ነው። ኅብስቱ የሚጋገረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቤት፣ በቤተልሔም ውስጥ ነው። በዚያ ደብር ስንዴው ድሮ የሚፈጨው እዚያው በእጅ ወፍጮ ነበር፤ ነገር ግን የቤተልሔሟ ወፍጮ በዚያው ሰሞን ተሰንጥቆ ነበር። በቤተልሔም የሚያገለግሉት ሽማግሌ ቄስ መምሬ ላቀው ስለቱን ሲሰሙ ትንሽ አቅማሙ። በኋላ ግን “እሺ ልጄ፤ ድንጋዩ ንጹሕ ሳለ፣ ከሁሉ በፊት ከሆነ ይሁን” አሉ። ደብሩም እሱን ተማምኖ ሌላ የእጅ ወፍጮ ሳያስጠርብ ቀረ።

ሞተሩም ተነሣ። ልብ በሉ፤ ተነሣ።

በመጀመሪያው ሰሞን አቶ ዘውገን ብታዩት ታለቅሱ ነበር። መምሬ ላቀው የመገበሪያውን ከረጢት ይዘው ሲመጡ እጁን ይታጠባል፣ ያማትባል፣ ስንዴውን እንደ ዕንቁ በቀስታ ያፈሳል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ አንድ ጠዋት የሩቅ አገር ነጋዴ መጣና “መኪና አቁሜ ነው የመጣሁት፣ ሾፌሩ እየጮኸብኝ ነው” አለ። አቶ ዘውገ ወደ ቄሱ ዞሮ “መምሬ፣ እርስዎ የቤት ሰው ነዎት፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ” አላቸው። ታገሡት። በሌላ ቀን የወረዳ ሹም ሚስት መጣች፣ እሷን ማን ያስቆማል? በሌላ ቀን ደግሞ ልቅሶ ያለባቸው ሰዎች መጡ። ምክንያቱ ሁሉ ደህና ምክንያት ነው፣ አንዱም ኃጢአት አይመስልም። የሚጮኸው ቀደመ፣ የሚኮሳተረው ቀደመ፣ ነገ የሚያኮርፈው ቀደመ። እግዚአብሔር አይጮህም፣ አያኮርፍም፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ተገፋ። ስንዴው የሚፈጨው ከጤፍ ወይም ከገብስ ኋላ ስለነበረ ዱቄቱ ላይ የታየ ነገር የለም። አቶ ዘውገም የማይታይ ነገር የለም ማለት ነው ብሎ ተዝናና።

ውሎ አድሮ የመገበሪያው ከረጢት ግድግዳ ሥር መቀመጥ ለመደ። ከዚያ፣ ይህን ስናገር ደሜ ይፈላል፣ አቶ ዘውገ መቀመጫ አደረገው። ስንዴ የሞላ ከረጢት ይመቻላ! እዚያ ላይ ተደላድሎ ደንበኞቹን ያስተናግዳል። አንድ ቀን ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ምሳውን ይዛለት መጥታ አየችው።

“አንተ ሰውዬ፣ የተቀመጥክበት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?”

“ከረጢት ነዋ።”

“የማን ከረጢት?”

“አስካለ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።”

ወይዘሮ አስካለ ምሳውን አስቀምጣ ወጣች። ስንት ጊዜ ትናገር? ስትናገር “ነዝናዛ” ትባላለች፣ ዝም ስትል “ዛሬስ ደህና ዋልሽ” ትባላለች።

አቶ ዘውገ አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ፍሬሕይወት። እሷና እጮኛዋ ራሳቸውን ጠብቀው ስለኖሩ ጋብቻቸው በተክሊልና በቁርባን እንዲሆን ቆረጡ። እሑድ በቅዳሴ ላይ ተክሊል ሊደፉ፣ ሥጋ ወደሙን አብረው ሊቀበሉ ነው። ልጅቷ ለዚህ ቀን ከንስሐ አባቷ ጋር ስትመክርና ስትዘጋጅ ከርማለች። አባቷም ደስ ብሎታል፤ ደስታው ግን ይበልጥ ያረፈው ድንኳኑ ላይ ነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ከተማው በሙሉ ተጠራ፣ ስማቸው የታወቀ ወጥ ሠሪዎች ከሩቅ መጡ። ችግሩ በርበሬው ነው። ሰሞኑን ያካፋ ስለነበር ደህና ሳይደርቅ ቆይቶ ተዘጋጅቶ የቀረበው ቅዳሜ ጠዋት ሆነ።

በዚያው ቅዳሜ ጠዋት መምሬ ላቀው ለነገው ቅዳሴ የሚሆነውን ስንዴ ለማስፈጨት ከወፍጮው ቤት ማልደው ደርሰዋል። ድንጋዩ ታጥቦ ነው ያደረው። አቶ ዘውገ ሞተሩን አስነሣ። ልክ በዚያ ሰዓት የሰርጉ በርበሬ በማዳበሪያ ተጭኖ ደረሰ። ወይዘሮ አስካለም ነገሩ ጠርጥሯት ኖሮ ከኋላው ተከትላ መጣች።

“ዘውገ፣ መጀመሪያ ስንዴውን” አለችው።

“አስካለ፣ ሽንኩርቱ ተጥዷል እኮ! ሴቶቹ በርበሬ በርበሬ እያሉ ነው።”

“ይውረዳ ሽንኩርቱ! ምን ይሆናል?”

“ይህን ሁሉ ሰው ጠርተን ሽንኩርት ይውረድ ትያለሽ? እግዚአብሔር ይታገሣል፤ ሽንኩርት አይታገሥም!”

መምሬ ላቀው ከተቀመጡበት ተነሡ። “ልጄ፣ በርበሬ መጨረሻ ነው እያልክ ሴቶቹን የምትመልሰው አንተ አይደለህም እንዴ?”

“አባቴ፣ እኔ ራሴ በደንብ እጠርገዋለሁ። ለዛሬ ብቻ።”

ለዛሬ ብቻ! ከበር የመለሳቸው ሴቶች ቃል ከራሱ አፍ ወጣ፣ አልሰማውም። በርበሬው ገባ። ወፍጮ ቤቱ በሳልና በማስነጠስ ተሞላ። ከዚያ አቶ ዘውገ ድንጋዩን በመጥረጊያ ጠረገ፣ በጨርቅ ወለወለ፣ ጥቂት ፉርሽካ አስገብቶ አወጣ፣ ስንዴውንም አፈሰሰ። እየተቻኮለ ስለነበር ከረጢቱን እንኳ እስከ ታች አላራገፈውም። ዱቄቱን ለቄሱ አስረክቦ በርበሬውን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ። እዚያም እንደ ደረሰ የወጥ ሠሪዋን ማማሰያ ተቀብሎ ቀመሰና “ጨው ያንሰዋል” አለ።

ቀትር ላይ መምሬ ላቀው በቤተልሔም ዱቄቱን መንፋት ጀመሩ። ገና ወንፊቱን ነቅነቅ ሲያደርጉት አስነጠሳቸው። እንደገና አስነጠሳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዱቄቱን ወደ ብርሃን አውጥተው ሲያዩት በነጩ ላይ ቀይ ብናኝ ተበትኖበታል። ወንፊቱን አስቀምጠው፣ ከዱቄቱ ጥቂት በጨርቅ ቋጥረው፣ ቀጥ ብለው ወደ ሰርጉ ቤት ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ አቶ ዘውገ ወንበር የሚደረድሩትን ሰዎች ያዛል።

“ና፣ ይህን ቅመሰው” አሉት።

ቀመሰው። ሳለ፣ ውኃ ጠጣ፣ እንደገና ሳለ።

“እንዲህ ያለውን ወደ መቅደስ አላስገባም” አሉ መምሬ። “ሌላ ስንዴ፣ ሌላ ዱቄት የለንም። ሊጡ ደግሞ ሳይመሽ መቦካት አለበት። እንግዲህ ነገ ቅዳሴ የለም። ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም፣ ቁርባን ከሌለ ልጅህ ተክሊል አትደፋም።”

አቶ ዘውገ መላ መምታት ጀመረ። ከሱቅ ዱቄት ይምጣ አለ፤ ቄሱ ማን እንደነካው፣ ምን እንደተቀላቀለበት በማላውቀው ዱቄት አልጋግርም አሉ። ወፍጮውን አሁን እንጠብ አለ፤ ድንጋዩ ታጥቦ እስኪደርቅ እንደሚመሽ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ።

“ታዲያ ሽማግሌዎች ይመርቋቸውና ሰርጉ ይቀጥል። ቁርባኑ በሌላ እሑድ ይሆናል። እግዚአብሔር ሁኔታችንን ይረዳል።”

ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ፈነዳች። እንግዳ አለ፣ አማት ይሰማል አላለችም።

“እግዚአብሔር ይረዳል! እግዚአብሔር ይታገሣል! እግዚአብሔር ይጠብቃል! ይህን ሁሉ ዓመት የሚረዳው እሱ ብቻ ነው እንዴ? አንተስ መቼ ነው የምትረዳው?”

ፍሬሕይወት ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። እጇ ላይ ሂናው አልደረቀም። የሆነውን ነገሯት። አባቷን ትኩር ብላ አየችውና “አባዬ፣ ለወጥ ሠሪዎቹ ያሰብክላቸውን ያህል ለእኔ ብታስብልኝ ምን ነበረበት?” አለችው። “ድንኳኑ ይፍረስ” አለች ልጅቷ። “እኔ የማገባው ለድንኳን አይደለም። ቁርባን ከሌለ ነገ ሰርግ የለም።” ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ማንም ቀልድ ነው ብሎ የወሰደው የለም።

አቶ ዘውገ ከደረደራቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አለ። ሞተሩ አልነሣም ካለበት ከዚያ ሰሞን ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሁሉ ነገር ተሟልቷል፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለሁሉም ነገር ምክንያቱ ነበር።

“የእናትህ ወፍጮ አለ” አለችው ሚስቱ በመጨረሻ። አሁንም ተናዳለች።

“የት?”

“ዕቃ ቤት። ዕቃህን ሁሉ የቆለልክበት።”

እውነቷን ነው። የናፍጣው ወፍጮ ሲመጣ የእናቱን የእጅ ወፍጮ ከነመጁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ጥግ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ከዚያ አቶ ዘውገ በላዩ ላይ የማይጭነው ነገር አልነበረም። አሁን ደግሞ የሰርጉ ዕቃ በሙሉ ተጨምሮበታል። እንግዳው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ተረባረበ። የለስላሳው ሳጥን ወጣ፣ የጠላው ጋን ወጣ፣ የሽንኩርቱ ከረጢት፣ የተከራዩት ሳህኖች፣ የሙሽሮቹ ምንጣፍ፣ ለሚዜዎች የተገዛው ጫማ ሳይቀር ደጅ ወጣ። ወጥ ሠሪዎቹም ማማሰያቸውን ጥለው መጡ። ግቢው የገበያ ቀን መሰለ። ከሁሉ በታች፣ አቧራ ውስጥ፣ ወፍጮው በጨርቁ እንደተጠቀለለ ተገኘ። አቶ ዘውገ ጎንበስ ብሎ ሲያየው እንባው መጣ፤ እናቱ በሱ ላይ ስትፈጭ ያደገ ልጅ ነውና።

ስንዴስ? ወይዘሮ አስካለ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዳ የመገበሪያውን ከረጢት ይዛ መጣች። ባልዋ ተቻኩሎ ሳያራግፈው ከቀረው ከታች በኩል ጥቂት እፍኝ ወጣ። ለነገ ይበቃል አሉ መምሬ። ሙሽራዋ ሂናዋን ታጥባ ሰፌድ ላይ ጎንበስ አለችና ስንዴውን አንድ በአንድ ለቀመች። መምሬ ላቀው ድንጋዩን አጠቡት፣ በፀሐይ አደረቁት፣ ጸለዩበት። ያን ጊዜ አቶ ዘውገ ኮቱን አወለቀ።

“አባቴ፣ እኔ ልፍጨው።”

“ይህን የሚፈጭ ጾሙን መሆን አለበት። ዛሬ የቀመስከው ነገር አለ?”

“ወጥ ቀምሻለሁ።”

“እጅህንስ አሽተው እስቲ።”

አሸተተው። ሲታጠብ ነው የዋለው፤ በርበሬው ግን አልለቀቀውም።

“እንግዲያው አትንካው” አሉ ሽማግሌው፣ ጉልበታቸውን ይዘው እየተንበረከኩ። “እዚያ ቁምና ዝንብ ከልክልልኝ።”

የአገሩ ባለወፍጮ በገዛ ግቢው ቆሞ ዝንብ ከለከለ። ቄሱ አቃሰቱ፣ ፈጩ፣ አረፉ፣ እንደገና ፈጩ። ፀሐይ ሳትገባ ዱቄቱ ደረሰ።

እና ሽንኩርቱስ? አረረ! ሰው ሁሉ ዕቃ ሲያወጣ፣ ሰው ሁሉ ወፍጮውን ሲያይ፣ ያ አይታገሥም የተባለው ሽንኩርት ከነበርበሬው ከድስቱ ጋር ተጣበቀ። አያችሁ? ከእግዚአብሔር ያስቀደመው ነገር እንኳ አልተረፈለትም።

እሑድ ቅዳሴው ተቀደሰ። ፍሬሕይወትና ባልዋ ተክሊል ደፍተው፣ ቆርበው፣ ነጭ ለብሰው ወጡ። አቶ ዘውገ ከኋላ ቆሞ ሲያይ እጁን ከነጠላው ውስጥ አላወጣም። ከዚያ እንግዳው ድንኳን ገብቶ ያረረ ወጥ በላ። “እጅ ይባርክ” ብሎም አመሰገነ። ልጅቷ ግን በዚያ ቀን ወጡ ማረሩን አላወቀችም፤ ከደስታዋ የተነሣ የበላችው ምን እንደሆነ እንኳ ብትጠየቅ አትመልስም።

ሰኞ ማለዳ አቶ ዘውገ የእናቱን ወፍጮ ተሸክሞ ወደ ቤተልሔም ሄደ። ከመምሬ ላቀው እግር ሥር አስቀመጠውና “አባቴ፣ ይህ እዚሁ ይቅር። እኔ ስለቴን አልቻልኩም” አለ።

“ወፍጮውን እንቀበልሃለን” አሉ ሽማግሌው። “ለእግዚአብሔር ወፍጮ አይጠፋለትም። አንተ ግን እሱ ተራውን እንዲያገኝ እየረዳኸው መስሎህ ነበር። ስለቱ የተሰጠህ የአንተኑ ቀን ንጹሕ አድርጎ እንዲጠብቅልህ ነው። በል ሂድ፣ ነገም ስንዴ አመጣልሃለሁ።”

“ነገም?”

“ነገም። ማን ፈታህና?”

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴት በርበሬ ይዛ ከወፍጮ ቤቱ በር ደረሰች። ሽንኩርት ጥጄ ነው የመጣሁት፣ ለዛሬ ብቻ፣ ትንሽ ናት እያለች ለመነች። አቶ ዘውገ የመገበሪያውን ከረጢት ሁለት እጁን ዘርግቶ ከመምሬ ላቀው እየተቀበለ ነበር። “እመቤቴ” አላት ሳይቆጣ፣ “ትንሽም ብትሆን ታቃጥላለች።”

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔርን አስቀድሙ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመስለን እሱ ተራው ሲያልፍ የሚቀየም ሹም ስለሆነ ነው። አይደለም። የሚበላሸው የኛ ዱቄት ነው። ልብ ድንጋዩ አንድ የሆነ ወፍጮ ነው፤ መጀመሪያ የገባበት ነገር ተከትሎ የሚገባውን ሁሉ ያጣፍጠዋል ወይም ያቃጥለዋል። ሀብት ቀድሞ የገባበት ልብ ጸሎቱ ሀብት ሀብት ይላል። ክብር ቀድሞ የገባበት ልብ ምጽዋቱ ክብር ክብር ይሸታል። ቤቱ በርበሬ አይግባበት አልተባለም፤ ሰርግም፣ ወጥም፣ ድንኳንም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። መጨረሻ ይሁን ነው የተባለው! ይህን ደግሞ ለሽሯችን ስናውቅበት ለነፍሳችን ለምን እንደሚጠፋብን እኔ እንጃ። ሥራው ይያዝ፣ ቤቱ ይሠራ፣ ልጆቹ ይደጉ፣ ከዚያ እጾማለሁ፣ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ፣ ስሸመግል እቆርባለሁ እንላለን። ከዚያ በርበሬ ሲፈጭበት የኖረውን ልብ በመጥረጊያ ጠረግ ጠረግ አድርገን ይዘን እንቀርብና ጸሎት ለምን አይጥመኝም ብለን እንጠይቃለን።

እስቲ አንተም፣ አንቺም፣ ይህን ለሌላ ሰው ከማስተላለፋችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ዛሬ ጠዋት ዓይናችሁን ስትገልጡ፣ ድንጋዩ ገና ንጹሕ ሳለ፣ መጀመሪያ ያፈሰሳችሁበት ምን ነበር?